ለጁሙዓ የጸዳው ቤት

ምንም ለማይሰወረው አላህ ምስጋና ይገባው። ዛሬ የማወራችሁ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ደስ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እሱን የሚናገር አልጠፋም።

ጨው ነጋዴዎች ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጡ በሚያርፉባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ለአማና የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። መንገድ የሚሄድ ሰው ንብረቱን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ከመስጂዱ በስተጀርባ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበት የወቅፍ ቤት ነበር፤ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ቤት ማለት ነው። የዚያ ቤት ኃላፊም ሐጂ ቡሽራ ነበሩ።

ከተማው በዚህ ቤት ይኮራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጀማዓው ወደዚያ ይጎርፍና የደካሞቹን ዱዓ ይቀበላል። መካኗ ልጅ፣ ነጋዴው ትርፍ፣ በሽተኛው ዓፊያ ያስለምናል። አረጋውያኑ ነጭ ጋቢ ለብሰው በየቁርበታቸው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ቤቱ ሽታ የለው፣ እድፍ የለው። ከሁሉ በላይ የሚወራው ግን ሌላ ነበር። ከዚያ ቤት የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ጁሙዓ ቀን ነው። ጁሙዓ መሞት መታደል ነውና፣ ሰው የቤቱን በረካ እያነሳ ይደነቅ ነበር። እማማ ጦይባ የሚባሉ አሮጊት ጁሙዓ ጎህ ሲቀድ ባረፉ ጊዜ ሐጂ ቡሽራ ራሳቸው ቀብራቸው ላይ ቆመው፣ እንዲህ ያለውን ሞት ለሁላችንም ይወፍቀን ብለው ዱዓ አደረጉ። ሕዝቡም አሚን አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሐጂ ቡሽራ ሩቅ መንገድ ሊሄዱ ተነሱ። ለጁሙዓ ስለማይደርሱ ዱዓ ተቀብለው ለመሄድ ወደ ቤቱ ጎራ አሉ። ደጁ ላይ ዓይነ ስውሩን አባባ ሙሄን ለዙህር ሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ተቀምጠው አገኟቸው። ታላቅን ማገልገል አጅር አለው ብለው ማንቆርቆሪያውን አነሱና ያፈሱላቸው ጀመር። አባባ ሙሄ እጃቸውን ታጠቡ። ቀጥለው በመዳፋቸው ተቀብለው ተጉመጠመጡ፤ ግን አልተፉትም፤ ዋጡት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አሁንም መዳፋቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሲዘረጉ ሐጂ ማፍሰሱን ገታ አድርገው፣ በውዱእ አፍ የሚታጠበው ሦስት ጊዜ ነውና ሦስቱ እንደሞላ በአክብሮት ነገሯቸው።

«አውቃለሁ ሐጂ፤» አሉ ሽማግሌው። «ዛሬ ሐሙስ ነውኮ።»

ሐጂ አልገባቸውም። ሐሙስ ቢሆን ምን እንደሆነ ሲጠይቁ አባባ ሙሄ ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ውስጥ ዘልቀው ሌሎቹን ቢጠይቁም የሚመልስ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ብቻ በሐጂ እጅ ካለው ማንቆርቆሪያ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

ቤቱን የምትይዘው ሰዕዳ የምትባል መበለት ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሲጠይቋትም አልዋሸችም። ያልጠጣ ሰው መኝታ አያረጥብምና፣ ሐሙስ ከነጋ ጀምሮ የጁሙዓ እንግዳ ሸኝታ እስክትጨርስ ለአረጋውያኑ የሚጠጣ ውሃ እንደማትሰጥ ነገረቻቸው። ለውዱእ የምትሆነውን ጥቂት ውሃ ግን፣ የሶላት ነገር ነውና፣ አትከለክልም።

«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?» አሏት ሐጂ።

«አንቱ ነዎት፤» አለች። «አንድ ጁሙዓ የእንግዳ ልብስ ነጃሳ፣ ሽንት ነካው ተብሎ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሰማ አሉኝ። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ምንጩ ቁልቁለት ነው። የሚያነሳቸው፣ የሚያጥባቸው እጅ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። እናንተ ጋቢ ላካችሁልኝ።»

ለሐጂ ቡሽራ የጁሙዓው ሞት ነገር ያን ጊዜ ገባቸው። ከተማው በረካ ብሎ የጠራው ነገር ጥም ነበር።

መንገዳቸውን ተዉ። ውሃ አስቀድተው፣ የሁሉንም ራስ እየደገፉ በገዛ እጃቸው ጥቂት በጥቂት አጠጡ። ወሬ አይደበቅምና ከዐስር ሶላት በኋላ የከተማው ታላላቆች ተሰብስበው መጡ። ምክራቸው የአዋቂ ምክር ነበር። አላህ የሙእሚንን ነውር መሸፈን፣ ሰትር ማድረግ ይወዳል፤ ሴትዮዋን አሰናብተን ነገሩን እዚሁ እንቅበረው፤ የቤቱ ስም ከጠፋ ደግሞ የሚረዳ አይገኝም፤ አዲስ ክፍል ላሠራ ያለው ነጋዴም ይሸሻል አሉ። ሐጂም ስማቸው ከቤቱ ስም ጋር አብሮ እንደሚወድቅ አልጠፋቸውም።

«ሰትር ራሱን ለበደለ ሰው ነው፤» ሲሉ መለሱ። «በዚህ የተበደሉት ግን እነዚህ ደካሞች ናቸው። ሰዕዳም የትም አትሄድም፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

ጁሙዓ ደረሰ። አረጋውያኑ ሲጠጡ አድረው ነበርና ቤቱ እንደዚያ ቀን ሸትቶ አያውቅም። ጀማዓው ሲገባ ገሚሱ በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ያዘ። ሐጂ በራፉ ላይ ቆመው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ እማማ ጦይባ እንዴት እንደሞቱም ጭምር። ነጋዴው ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። ብዙ ሰው ተከተለው። ለቀሩት ጥቂቶች ሐጂ፣ ከዛሬ ወዲያ ዱዓ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ውሃ ያጠጣ፣ ያነሳ፣ ይጠብ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየተራ እየመጡ ከሰዕዳ ጋር የሚሠሩ ቤተሰቦች ተገኙ። ያደፈው በየቀኑ ይታጠባል፤ በየመኝታው ራስጌ ውሃ ይቀመጣል። እንግዳው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሞትም ቀን መምረጡን ተወ።

ሐጂ ቡሽራ በየመኝታው እየተንበረከኩ፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያሉ ዞሩ። ሁሉም አፉ አሏቸው። አባባ ሙሄ ዘንድ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን ዳብሰው ያዙ።

«የራሴን አፉ ብያለሁ ሐጂ፤ አላህም አፉ ይበልዎ። የጦይባን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥዎ? ያን ሐሙስ ውሃ ውሃ ስትል አጠገቧ ነበርኩ። ነገ ጁሙዓ ነው፣ ታገሺ አልናት። እኛው ነን ያልናት።»

ከዚያ በኋላ ሰዎች ቤቱን አስተካከሉት እያሉ ሐጂን ሲያመሰግኑ፣ እሳቸው ደስ አይላቸውም ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤቱ ይጽዳ አልኩ እንጂ በማን ጉሮሮ እንደሚጸዳ አልጠየቅሁም።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ቀለል አድርገን አናሳልፈው። እኛም ዘንድ የአረጋውያን ቤቶች አሉ። ዒድ ሲደርስ ሙዝ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን፤ ወለሉን፣ ቀለሙን አይተን ማሻአላህ እንላለን፤ ዱዓ ተቀብለን እንመለሳለን። ሌሊት ማን እንደሚያገላብጣቸው፣ ሽንታቸው ሲመጣ ማንን እንደሚጠሩ፣ የምታነሳቸው ሴት ስንት ሰው ብቻዋን እንደምታነሳ አንጠይቅም። ጥፋት ሲገኝም እሷን ለመርገም እንቸኩላለን፤ እጅ ስትለምን ጋቢ የላክን እኛ መሆናችን አይታወሰንም። ዝም ያለ አረጋዊ ሁሉ ታግሦ ሶብር ያደረገ ይመስለናል። ቢናገር የሚሰማው ያጣም አለኮ!

አፉታ የሚጠየቀው ሰው በሕይወት ሳለ ነው። ሐጂ ቡሽራ ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ ቤት ሲያጥቡና ሲያጠጡ ኖረው ወደ አኺራ ሄዱ። እማማ ጦይባ እዚያ ምን ብለው እንደተቀበሏቸው ግን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።