ስድቡን ከቤቱ ይዞ የመጣው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ ሦስት ቀን እህል ውኃ ያልቀመሰ ጅብ ከወንዝ ማዶ ብቻውን የሚግጥ ወጣት አህያ አየ። ምራቁ ወረደ። ግን አምና አንዲት አህያ ረግጣ ሁለት ጥርሱን አራግፋበት ስለነበር መቅረቡን ፈራ። ምክር ፍለጋ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በጥርስ ነው የምታስበው» አለችው ቀበሮ። «አህያ የሚራገጠው ራሱን ሲወድ ነው። መጀመሪያ ስደበው። የማልረባ ነኝ ብሎ አንገቱን ሲደፋ፣ ያን ጊዜ አንገቱን ያዝ። ጉበቱ የኔ ነው።»

«እመት ቀበሮ፣ ምን ብዬ ልስደበው?»

«አንተን የሚያንገበግብህን ስድብ ሁሉ በለዋ!»

ጅብ ደስ አለው። ስድብ እንደሆነ ሞልቶለታል። እናቱ፣ ነፍስ ይማር፣ ጠዋት በስድብ ቀስቅሳ፣ ማታ በንክሻ አስተኝታ ነው ያሳደገችው። አንዷም ቃል አልጠፋችውም።

ወንዙን ተሻገረና ከአህያው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ሆዳም!»

አህያው ቀና አለ። «እንደምን አደርክ፣ አያ ጅቦ! እውነትህን ነው፣ ዘንድሮ አበዛሁት። ሣሩ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

ጅብ ግራ ገባው። «አንተ ሸታታ!»

አህያው ጎኑን አሸተተ። «ትናንት አመድ ላይ ተንከባልዬ ነበር። እሱ ይሆናል።»

«አንካሳ! ወገበ ቆማጣ!»

አህያው አራቱንም እግሮቹን ተራ በተራ እያነሳ አየ። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ።»

«ማንም የማይወድህ!»

«ይቺስ ውሸት ናት!» አለና አህያው ሳቀ። «ውርንጭላ ሳለሁ ጭቃ ውስጥ ተንቦራጭቄ ስገባ እንኳ፣ እናቴ እየላሰች እደግ ተመንደግ ትለኝ ነበር። ቆይ ግን፣ ይህን ሁሉ ማን ነው የነገረህ?»

«እናቴ» አለ ጅብ፣ ሳያስበው አምልጦት።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተው። «የማትረባ! አድገህ ምን ልትሆን! ምነው ሳትወለድ በቀረህ!» እያለ ሲቀጥል አፍንጫው ረጠበ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻም አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ።

«አይዞህ፣ አያ ጅቦ» አለው አህያው። አዘነለት፤ ግን ቂል አልነበረምና የኋላ እግሮቹን ወደ ጅብ አዙሮ ሆዱ እስኪሞላ ጋጠ። ከዚያም ወደ እናቱ ሄደ።

ከቁጥቋጦ ጀርባ ስትጠብቅ የነበረችው ቀበሮ እየሮጠች መጣች።

«ጉበቱስ?»

«ሄደ» አለ ጅብ፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ።

«ሙሉ አህያ? ዝም ብለህ ሰደድከው? አንተ ደደብ! አንተ የማትረባ!»

ጅብ ቀና ብሎ አያትና ልቅሶውን እንደ አዲስ ለቀቀው።

«እመት ቀበሮ፣ አንቺም እናቴን ታውቂያት ነበር እንዴ?»

ከዚህ የምንማረው፣ በቤቱ ተወዶና ተመርቆ ያደገ ልጅ የውጭ ስድብ እንደማይጥለው፣ ተሰድቦ ያደገ ግን ሌላውን ሲሰድብ እንኳ የሚቆስለው ራሱ መሆኑን ነውና፣ ወላጆች ሆይ፣ አፋችንን ለልጆቻችን ምርቃት እናድርገው።