ያልታጠበው ክንፍ

ሰማይ ከፍ ይበል፣ ወሬ ዝቅ ይበል፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። የምነግራችሁ እንደ መቁጠሪያ ነው፤ አንዱ ፍሬ ሌላውን እየሳበ ዞሮ ከመጀመሪያው ፍሬ ይመጣል።

በአንድ ቆላ ሜዳ ሁለት አውሮፕላኖች ነበሩ። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ወንድማማች ናቸው፤ ታላቅና ታናሽ እንላቸው ነበር። ታላቅ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደቀ። ግራ ክንፉ ሰማይ ላይ ሳለ ተለየው። አራት ሰው ነበረበት፣ አራቱንም ቀበርን። ነፍስ ይማር። ታናሽ ቀረ። ማክሰኞ ዕቃ ያመላልሳል፣ ሐሙስ ሰው ይዞ ወንዙን ይሻገራል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ማዶ ላሉት ሰዎች ከእሱ ሌላ መንገድ የላቸውም።

እኔ ታረቀኝ እባላለሁ፤ የሜዳው አውሮፕላን አጣቢ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ዳዊት ግን እደግማለሁ፣ ክንፍም አጥባለሁ። ባጠብኩት ክንፍ ፊትህን እያየህ ጢምህን ትላጫለህ። አንዲት ግትር እድፍ ብቻ ነበረች፦ በግራ ክንፍ ሥር፣ ክንፉ ከሆዱ በሚጋጠምበት፣ ካለቀሰች ሴት ዐይን እንደ ወረደ ኩል ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር። በነጭ ጋዝ ሳሻት ትለቃለች። በሮ ሲመለስ ደግሞ አለች። እኔም አሻታለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ በታናሽ የምትሻገረው አዋላጅ ስንዱ ትባላለች። ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዓርብ ቀን፣ መካኒኩ ጉተማ ከክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ፋብሪካው ደብዳቤ ጽፏል» አለኝ። «ያረጁትን በሙሉ፣ ክንፋቸው ሥር ብረት እሰሩላቸው፣ ግዴታ ነው ይላል።»

«ምን ሆነው?»

«ደክመው።»

«ደግሞ ብረት ይደክማል?»

ከኪሱ ሽቦ አወጣ። አጎበጠው፣ አቀናው፤ አጎበጠው፣ አቀናው። እያወራኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በኋላ ማንም ሳይጎትተው ለሁለት ሆነ።

«ክንፍም ሲነሳ ይጎብጣል፣ ሲያርፍ ይቀናል። ታናሽ ይህን ሠላሳ ሺህ ጊዜ አድርጎታል። መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። ከውስጥ ናት፣ አትታይህም። ከዚያ እየረዘመች ትሄዳለች።»

«ታላቅም እንዲህ ነው የሆነው?»

የተበጠሰውን ሽቦ መዳፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለግሁ። ያቺ ብረት ከክንፉ ሥር ትታሰር። ርዝመቷ ክንድ፣ ስፋቷ መዳፍ ናት፤ መጥታም በሣጥን ተኝታለች። ከዚህ የበለጠ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ልጄን ያዝኳት። «ስንዱ፣ የፊታችን ሐሙስ ቅሪ።»

«አባዬ፣ ማዶ ሦስት ሴቶች ቀናቸው ደርሷል። ወንዙ ሞልቷል፣ በእግሬ አልሻገረው። ከበረረ እሄዳለሁ፤ ከቆመ እቀራለሁ።»

ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም።

ወደ አብራሪው ወደ ካፒቴን ሸዋንግዛው ሄድኩ። «ካፒቴን፣ አውሮፕላኑን አቁመው።»

ሳቀብኝ። «ጋሽ ታረቀኝ፣ ማጠቡ ሰለቸህ እንዴ? ወረቀቱ ደህና ነው ይላል፤ ደህና ነው የተባለ አላቆምም። ጉተማ ክንፉን ከፍቶ ብረቱን ማሰር ከጀመረ፣ ያኔ በምን እበራለሁ? እቆማለሁ።»

ጉተማ ካላሰረ ካፒቴኑ አያቆምም፤ ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም።

ጉተማን፣ «እሰረዋ» አልኩት። እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። «በምን ልሰረው፣ በመቀነት? ብረቱ ስቶር ነው። ብርነሽ ትስጠኝና አሁን ልጀምር።»

ብርነሽ ካልሰጠች ጉተማ አያስርም፤ ጉተማ ካላሰረ ካፒቴኑ አያቆምም፤ ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም።

ብርነሽ የስቶሩ ጠባቂ ናት፤ እኩያዬ ናት፣ አብረን ነው ያረጀነው። ሣጥኑን በጣቷ አሳየችኝ። «ያውልህ። ማየት በነፃ ነው። መውሰድ ግን በፊርማ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ፊርማ ጎማ ሰጥቼ ዓመት ሙሉ ስጠየቅበት ኖሬአለሁ። ልዑልሰገድ ይፈርም፣ በራሴ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ ካልፈረሙ ብርነሽ አትሰጥም፤ ብርነሽ ካልሰጠች ጉተማ አያስርም፤ ጉተማ ካላሰረ ካፒቴኑ አያቆምም፤ ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም።

አቶ ልዑልሰገድ የሜዳው ኃላፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ደብዳቤው እስከ ጥቅምት ጊዜ ሰጥቶናል» አሉ። «ምልክት ከታየ ዛሬውኑ ይቁም ይላል፤ ምልክት አልታየም። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ወንዙ ሞልቶ፣ በሰኔ፣ አሥራ አንድ ቀን ላቁመው? ማዶ ስንት እርጉዝ እንዳለ ልጅህን ጠይቃት። ተቆጣጣሪው አቶ ኪዳነ ምልክት አየሁ ብለው ይጻፉ፣ እኔ ቆሜ እፈርማለሁ።»

አቶ ኪዳነ ካልጻፉ አቶ ልዑልሰገድ አይፈርሙም፤ አቶ ልዑልሰገድ ካልፈረሙ ብርነሽ አትሰጥም፤ ብርነሽ ካልሰጠች ጉተማ አያስርም፤ ጉተማ ካላሰረ ካፒቴኑ አያቆምም፤ ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም።

አቶ ኪዳነ በወር አንድ ረቡዕ መጥተው በባትሪና በመስታወት ክንፉን ያያሉ። ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ታናሽን ታሟል ብለው ይጻፉልኝ።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «እኔ ዐይኔ ያላየውን አልጽፍም። ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከውስጥ ቢሰነጠቅ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ሲፋተግ ደግሞ ጥቁር ያነባል። በምስማሮቹ ሥር ጥቁር መስመር ይወርዳል። የታናሽ ክንፍ ግን እንደ መስታወት ነው፤ አንዲት ጠብታ ጥቁር አላየሁበትም። ደግሞስ አጣቢው አንተ አይደለህ? ከኔ በላይ አንተ ታውቀው የለ?»

ግድግዳውን ያዝኩ።

ሜዳችን ላይ ሥርዓት አለ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አውሮፕላን ይታጠባል። ያስለመድኩት እኔው ነኝ። እሳቸው ረቡዕ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ፤ እኔ ረቡዕ በአንድ ሰዓት ጥቁሯን አጠፋታለሁ። ዘጠኝ ጊዜ አለቀሰ፤ ዘጠኝ ጊዜ እንባውን ጠረግሁለት።

ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበር። ታላቅ ትዝ አለኝ። በታላቅም ክንፍ ሥር እንዲህ ያለች ኩል ነበረች። ሊወድቅ በዋዜማው፣ ማክሰኞ፣ በነጭ ጋዝ አሽቼ አሽቼ አጠፋኋት፤ ስትለቅልኝም ደስ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ጥቁሩን የማጠፋው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ረቡዕ አሳየኝ። የሰው ቃል ፎርሙ ላይ አይገባም፤ ያየሁት ነው የሚገባ።»

ማክሰኞ ታናሽ ዕቃ ይዞ ሄዶ ተመለሰ። እስኪመለስ ድረስ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ሲቆም ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። አለች፤ ረዝማለች።

ረቡዕ ጾም ነው። ቀዩን ባልዲዬን ከክንፉ ሥር ደፋሁና ተቀመጥኩበት። እጄ ግን አላረፈም፤ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ እድፍ አይቶ አይተኛም። መቁጠሪያ ሰጠሁት።

እጄ ካልተወ ጥቁሩ አይታይም፤ ጥቁሩ ካልታየ አቶ ኪዳነ አይጽፉም፤ አቶ ኪዳነ ካልጻፉ አቶ ልዑልሰገድ አይፈርሙም፤ አቶ ልዑልሰገድ ካልፈረሙ ብርነሽ አትሰጥም፤ ብርነሽ ካልሰጠች ጉተማ አያስርም፤ ጉተማ ካላሰረ ካፒቴኑ አያቆምም፤ ካፒቴኑ ካላቆመ ልጄ አትቀርም። ክንፉም አይችልም፤ ሐሙስም አይቀርም። ሐሙስ ነገ ነው።

አቶ ልዑልሰገድ መጡ። አውሮፕላኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ተቆጣጣሪው ሊደርሱ ነው። ይሄ ምንድነው?»

«አላጥብም።»

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ።»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። አንተ ነህ ያስተማርከን።»

«ቤት ይጠረጋል። ቁስል ለሐኪም ሲታይ ግን ፋሻው ይፈታል።»

«ሥራህን ትፈልገዋለህ፣ አትፈልገውም?»

«እፈልገዋለሁ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል።»

ተናደዱ። ጨርቁን ከባልዲዬ አጠገብ አንስተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ራሳቸው ወደ ክንፉ ሄዱ። ተነስቼ ክንዳቸውን ያዝኩ። አለቃ ይዤ አላውቅም ነበር።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ ታላቅንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህችው መስመር ነበረችበት። ማክሰኞ አጠፋኋት፣ ረቡዕ ወደቀ።»

ታላቅ የወደቀበት ገደል ገብተው ሰዎቹን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን በራሳቸው ጋቢ ነው የጠቀለሉት። የያዙትን ጨርቅ አዩት፤ ያለፈው ሳምንት ጥቁር ደርቆበታል። ቀስ ብለው ባልዲው ላይ አነጠፉት።

«ይምጡ እንግዲህ» አሉና አጠገቤ ቆሙ።

አቶ ኪዳነ መጡ። ባትሪ አበሩ፣ መስታወት አስገቡ። ጥቁሯን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩት። ጠርገው ቀይ ቀለም ቀቡ፣ ጠብቀው እንደገና ጠረጉ፣ ከዚያ ነጭ ዱቄት ነፉበት። ጉተማና ካፒቴኑም መጥተው ሁላችንም ቆመን አየን። ከነጩ ላይ፣ ቀለሙ ከገባበት ስንጥቅ፣ ቀስ እያለች ቀይ ክር ወጣች። ርዝመቷ ትንሿን ጣት ታህላለች።

ካፒቴን ሸዋንግዛው ራቅ ብሎ ሄዶ ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በትናንቱ በረራ ብቻውን ነበር።

እጄ ተወ። እጄ ሲተው ጥቁሩ ታየ፤ ጥቁሩ ሲታይ አቶ ኪዳነ ጻፉ፤ አቶ ኪዳነ ሲጽፉ አቶ ልዑልሰገድ ቆመው ፈረሙ፤ እሳቸው ሲፈርሙ ብርነሽ ሣጥኑን በራሷ ተሸክማ አመጣች፤ ብርነሽ ስትሰጥ ጉተማ ስንጥቋ ወዲያ እንዳትሄድ ጫፏን በስቶ ብረቱን በግራም በቀኝም አሰረ፤ ጉተማ ሲያስር ካፒቴኑ አቆመ፤ ካፒቴኑ ሲያቆም ልጄ ቀረች። ሐሙስ መጣ። መጥቶም አለፈ።

«ጉተማ፣ ያን ሐሙስ ቢበር ኖሮስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። አሥር ጊዜ ይችል ይሆናል። አንድ ጊዜም ላይችል ይችላል። ብረት ቀኑን አይናገርም።»

አሥራ አንዱ ቀን ለማዶ ሰዎች ቀላል አልነበረም። ስንዱ የመገናኛ ሬዲዮኑ ሥር ቁጭ ብላ ሁለቱን ሴቶች በቃል እየመራች አዋለደች። የሦስተኛዋ ሕፃን አልተረፈም። ያንንም አልረሳውም፤ አቶ ልዑልሰገድ የፈሩት ነገር እውነት ነበር። ጥቁሯን ባላጠፋት ኖሮ በበጋ ነበር የምናቆመው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ታናሽ ባዶውን ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። በማግስቱ ልጄ ተሳፈረች። ከመሰላሉ ላይ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ አጥበኸዋል?» አለችኝ።

«አላጠብኩትም።»

«እሺ» ብላ ገባች።

አሁንም አጣቢ ነኝ። ሥርዓቱ ግን ተለውጧል፤ መጀመሪያ ጉተማ ያያል፣ ከዚያ እኔ አጥባለሁ። ጠዋት ስጸልይ አራቱን በስማቸው እየጠራሁ ይቅር በሉኝ እላቸዋለሁ። መልስ አልሰማሁም። ታናሽ ወንዙን ተሻግሮ ሲመለስ ግን ክንፉ ሥር እገባና ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ደረቅ ነው።

የኔ ወሬ እስከዚህ ነው። ተረቱን እናንተ ውሰዱት፤ ሰዎቹን ለየቤታቸው መልሱ።