ኮት ኪስ ውስጥ የሄደው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ያልሆነ ወቅት፣ ሾላ በር በምትባል የገበያ ከተማ ሦስት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ የከተማዋ ቁጠባና ብድር ማኅበር ንብረት ነው። ቁልፎቹ በሦስት ሰዎች አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአባላቱ ፊት ይከፈታል፣ ብሩ ይታያል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሰዉም በዓይኑ ካየ በኋላ ወደ ገበያው ይሄዳል።

የሊቀመንበሩ ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኖረው ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ነበር። ጋሽ ዘርጋው የሰው ገንዘብ ሲጠብቁ ያረጁ፣ የራሳቸው ግን ያልተረፋቸው ሰው ናቸው። ስለ ገንዘብ ማውራት ሲወዱ! አንድ ቀን «ገንዘብ ማለት ሰው ነው» ይላሉ፤ በማግስቱ «ሰውን ያበላሸው ገንዘብ ነው» ይላሉ። የትኛው ነው እውነቱ ሲባሉ ሁለቱም ነው ብለው አገጫቸውን ያካሉ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክናቸው ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብር ከአባላቱ ቁጠባ አሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሆንም። የቀረው በብድር ወጥቶ አንዱ ቤት ላም፣ ሌላው ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቁጭ ብሎ የሚያስበው ግን የለም። ሁሉም ባንድ ቀን «ገንዘቤን አምጡ» ቢል ምን ይውጣቸው ይሆን?

ነገሩ የመጣው በኮት ነው። አንድ ሐሙስ የቁልፉ ገመድ ተበጠሰ፤ ጋሽ ዘርጋው ሌላ እስኪገዙ ብለው ቁልፉን ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ማታውን ጎረቤታቸው አበጋዝ መጣ። ለወንድሙ ሚስት ሊጠይቅ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሁለት ቀን መንገድ ሊሄድ ነውና ደህና ኮት እንዲያውሱት ለመናቸው። ሽምግልና ለሚሄድ ሰው ኮት የሚከለክል ማን ነው? አውልቀው ሰጡት፣ መርቀውም ሸኙት። ቅዳሜ ጠዋት እጃቸው አንገታቸው ላይ ሲሄድ ቁልፍ የለም።

የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ ቁልፉን ከአካሉ የለየ ቁልፉን ያስረክባል፤ ተተኪውንም ራሱ በጉባኤ ፊት ይጠራል። ጋሽ ዘርጋው አፈሩ። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ሰዉ ስቆባቸው በተበተነ ነበር። እሳቸው ግን ቆመው፣ ምክንያቱንም ሳይናገሩ፣ «ዛሬ ሣጥኑ አይከፈትም» አሉ። አይ ጋሽ ዘርጋው!

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «ሣጥኑ ባዶ ነው» ተባለ። ሰኞ ገበያ ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ ሊኮበልሉ ነው ተባለ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ስልሳ ሰው ደብተሩን ይዞ የማኅበሩ በር ላይ ተሰለፈ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ። አበጋዝ ያለበት አገር ስልክ አይሠራም፤ የሚመለሰውም ረቡዕ ነው። ጋሽ ዘርጋው ይህን ከውስጥ ሆነው በመስኮት አዩ። በሩ ከተሰበረ ማኅበሩም ያኔውኑ እንደሚፈርስ፣ የስንት ድሃ ቁጠባም መና እንደሚቀር አወቁ።

የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመው ግንበኛው ጣሰው ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ሚስቱ አስካለ ሐሙስ ዕለት ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሆዷን ትቀደዳለች፤ መክፈያው ያ ደብተር ላይ ያለው ብቻ ነው። ጣሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ የጋሽ ዘርጋውን ፊት አየ። ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ዞሮ ለሰልፉ ተናገረ፦ «ከሁላችሁ የጨነቀኝ እኔ ነኝ። እኔ እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ እስከ ረቡዕ እጠብቃለሁ።» ደብተሩን ደረት ኪሱ ከቶ ሄደ። ከኋላው የነበሩት ተያዩ፤ ለበግ መግዣ ብሎ የተሰለፈው ሰው አንገቱን ደፋ። ሃያ ያህሉ እየተጎተቱ ወጡ።

ቀጥሎ እትዬ አመለወርቅ፣ ጌሾና ብቅል ሻጯ፣ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወደ መስኮቱ መጡ። ተራ ይጠብቁ ተብለው ተጮኸባቸው። እሳቸው መቀነታቸውን ፈትተው አርባ ሺህ ብር መስኮቱ ላይ አኖሩ፤ የዓመት ጌሾ የተሸጠበት ነው። «ላወጣ አይደለም፣ ላስገባ ነው የመጣሁት» አሉ። የማኅበሩ ጸሐፊ ደረሰኝ ጻፈላቸው። ስለ ገንዘብ ከእትዬ አመለወርቅ የበለጠ ጠንቃቃ በሾላ በር የለም፤ የእንቁላል ዋጋ እንኳ ሦስቴ ነው የሚከራከሩት። ይህን ያየ ሌላ ሃያ ሰው ወጣ።

የቀሩት ሃያዎቹ ግን ደፋሮቹ ናቸው። እነሱን ይሉኝታም ምሳሌም አይነካቸውም፤ በሩን በትከሻቸው መግፋት ጀምረዋል። በዚህ መሐል ጋሪ ነጂው ሙሄ ከጀርባ በኩል ጋሪውን እያስጋለበ ደረሰ። ጋሪው ላይ በሸራ የተሸፈነ፣ በሚስማር የተመታ ሣጥን አለ። ሙሄ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸሐፊውን ጠራ፦ «ከትልቁ ባንክ የተላከ ነው፣ ፈርመህ ተረከበኝ!» አራት ጎረምሳ ተጋግዞ አወረደው፤ ክብደቱ ወገባቸውን አጎበጠው። ደፋሮቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የሙሄ እናት አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ነው። ጋሽ ዘርጋው ይህን በሽፋኑ ቀዳዳ አይተዋል። አይተው ዝም አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት አበጋዝ ኮቱን እንደለበሰ ገባ፤ ለወንድሙ የተጠየቀችው ልጅ እሺ ብላለች፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ሳይነካ አለ። ሣጥኑ ተከፈተ። ገንዘቤን ያለው ሰባት ሰው ብቻ ሆነ። ጣሰውም ብሩን ወስዶ ሚስቱን ይዞ ሄደ፤ አስካለም ድና ተመለሰች።

ተመስገን ተብሎ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ግን እንቅልፍ አጡ። በሁለተኛው እሑድ ጉባኤ ጠርተው ስለ ኮቱ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ወፍጮው ድንጋይም ሳይቀር ሁሉንም ተናገሩ። እንባቸው መጣ። ሰዉ ይቅር አላቸው፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ተተኪዎን ይጥሩ ተባሉ።

ማኅበሩን ያተረፉት ሦስቱ፣ ጣሰው፣ እትዬ አመለወርቅና ሙሄ፣ ከፊት ተቀምጠዋል። ለጣሰው የተከራከሩ ነበሩ፦ ቁልፍ ለሚያምን ሰው ነው የሚሰጠው፣ ከእሱ በላይ ያመነ ማን አለ? ይሄኔ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች፤ ቁስሏን በነጠላዋ ደግፋ ባሏን አየችው።

«በማን ሆድ ነው ዋስ የገባኸው? መጀመሪያ እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?»

ጣሰው ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀላት።

ለእትዬ አመለወርቅም ተከራከሩ፦ ሌላው ቃል ሰጠ፣ እሳቸው ብር ሰጡ፣ ያውም የራሳቸውን። ጋሽ ዘርጋው ግን ያን ማክሰኞ ማታ እትዬ አመለወርቅ ያሏቸውን አልረሱም። አምነው ነው ያስገቡት? ብለው ቢጠይቋቸው፣ «የምን ማመን! ሰርቀኸናል ብዬ ነበር። ባል ሞቶብኝ ማንም ፊት ሲነሣኝ ያበደረኝ ይህ ማኅበር ነው፤ ከጠፋ አብሬው ልጥፋ ብዬ ነው» ብለዋቸው ነበር። በማያምኑት ነገር ላይ ሀብታቸውን ሁሉ የጣሉ ሴት ገንዘብ ጠባቂ ይሆናሉ?

ለሙሄ የተከራከሩትም አፋቸው ሞልቶ ነበር፦ ሁለቱ አርባውን መለሱ፤ በሩን ሊሰብሩ የነበሩትን የመለሰው እሱ ነው፣ እሱ ባይደርስ የሁለቱም ሥራ ከንቱ ነበር። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ለእኛ የዋሸ ነገ በእኛ ላይ ይዋሻል» አለ። ሙሄ ፈገግ ብሎ፣ «ሣጥኑ ሞልቷል ብላችሁ ስታምኑ የኖራችሁት እኔ ሳልዋሻችሁ ነው» አለ። ጋሽ ዘርጋው በዚህ ቃል የባሰ ግራ ገባቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍተው ሲያሳዩት የኖሩት ምን ነበር? ከወፍጮው ድንጋይስ በምን ይለያል?

አዲስ ገመድ ገዝተዋል። ቁልፉን አስረውበት፣ ገመዱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በሦስቱ ፊት ቆሙ። አንድ ጊዜ ወደ ጣሰው፣ አንድ ጊዜ ወደ እትዬ አመለወርቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሙሄ ተራመዱ፤ ደግሞ ተመለሱ። ጉባኤውም እርስ በርሱ እየተጨቃጨቀ ነው፤ ባልና ሚስት እንኳ አልተስማሙም።

እኔ ይህን ነገር ስንት ቦታ አውርቼ ስንት ቦታ ተጣልተውበታል። ያመነው የሚስቱን ነፍስ አስይዞ ነው፤ የሰጡት ሳያምኑ ነው፤ ያዳነው ዋሽቶ ነው። በሉ እናንተ የምትሰሙኝ፣ የእናንተም ጥሪት እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው ብላችሁ ፍረዱ፦ ጋሽ ዘርጋው ገመዱን በማን አንገት ያጥልቁት?