አሜን ያላለው ሹፌር

አንድ ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ቁልፍ የማይሰካበት ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ጠጋ ሲል በሩ ይከፈትለታል፤ በጣቱ ጫን ሲያደርግ ይነሳለታል። ሰውየው "ያውቀኛል እኮ!" እያለ ይኩራራ ነበር። ያውቀኛል! ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አንድ ቀን ለቅሶ ሊደርስ አዳማ ሄደ። እናቱ እማማ አስካለ አብረውት ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ግን ከመኪናው አልወረዱም። "አንተ አጽናንተህ ና፣ እኔ ጋደም ልበል" ብለው ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ሰውየው ድንኳን ገባ። ወዲያው አንድ እንግዳ ቦርሳውን ታቅፎ አጠገቡ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት "አንተ ማነህ?" ይባላል? ነውር ነው! እንዲያውም ሰውየው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። እንግዳውም ከንፈሩን መጠጠና "አይ ሰው መሆን!" አለ።

አሁን ተደነቁ። መኪናው "አለህ?" ሲል ኪስ ያለው ቁልፍ "አለሁ" ይላል፤ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ። እንግዳው ቦርሳ ውስጥ ያለው መሣሪያ ያንን "አለሁ" ተቀብሎ፣ ውጭ መኪናው አጠገብ ለቆመው ባልንጀራው አቀበለ። መኪናው ሰማ። ተከፈተ። መስታወት አልተሰበረ፣ በር አልተፈለቀቀ!

ድምፁ ሐሰት ነበር? አልነበረም! የራሱ የቁልፉ ድምፅ ነው። ተሸክሞት የመጣው ግን ሌባ ነው። እኔ ይህን አንብቤ ስረዳ ፀጉሬ ነው የቆመው።

ውጭ የቆመው ሌባ አስነስቶ ነዳ። ድንገት ከኋላው ድምፅ መጣ።

"ምትኩ? ሳልመርቅህ ነው እንዴ የምትነዳው?"

ምትኩ ልጃቸው ነው። ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ አንገቱን ወደ ኋላ ይሰጣል፤ ይመርቁታል፤ "አሜን" ይላል፤ ከዚያ ይነዳል።

"ልጅዎ ልኮኝ ነው፣ እማማ" አለ ሌባው እየተርበተበተ።

"ምትኩ እኔን ለማንም አደራ አይሰጥም። አቁም!"

"ዝም ይበሉ፣ እማማ!"

"ዝም የምለውማ ስቀበር ነው። በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅህ ሰው ልትገድል ነው? ና፣ አንገትህን አምጣ፣ ልመርቅህ።"

ሌባው ዞር ሲል እጃቸው ተዘርግቷል።

"ከክፉ ይሰውርህ። እጅህን ከሰው ዕቃ ይሰብስብልህ። እናትህ በአንተ አትፈር። በል፣ አሜን በል!"

ሌባው መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ በረረ።

መኪናው ሲሄድ ያየ ለቀስተኛ ጮኾ ነበርና ምትኩ በባጃጅ እየተከተለ ደረሰ። "እማ! ደህና ነሽ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ" አሉ እንባቸው እየወረደ። "ያ ልጅ ግን አሜን ሳይል ሄደ።"

ወገኖቼ፣ መኪናው ምትኩን ያውቀው ነበር? መች አወቀው! የሚያውቀው "አለሁ" የምትለዋን ድምፅ ብቻ ነው። ማንም ተሸክሟት ቢመጣ ይከፍታል።

እናንተስ? "ጌታ ተናገረኝ" ያለ ሁሉ በመጣ ቁጥር ወለል የምትሉ! የጠቀሰው ቃል እውነት ነው ብላችሁ ተሸካሚውን መጠየቅ ነውር የመሰላችሁ! ትዳራችሁን አስነስቶ ሲነዳው፣ "ቃሉማ ትክክል ነበር" ልትሉ ነው? ቦርሳ ታቅፎ አጠገባችሁ ከንፈሩን ስለመጠጠ?

እማማ አስካለ ፊቱን ሳያዩ በምን አወቁ? በየቀኑ ከልጃቸው ጋር በሚቀባበሉት ምርቃት! ከጌታችሁ ጋር እንዲህ የምትቀባበሉት ነገር ከሌለ፣ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ በምን ታውቃላችሁ? እሁድ እሁድ ብቻ "አለሁ" በማለት?

ዛሬ እዚህ ደግሞ የሌላ ሰው መሪ ጨብጦ የሚነዳ አለ። ስም አልጠራም፤ እጅህ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወንድሜ፣ ከኋላህ የተዘረጋ እጅ አለ። እርግማን መስሎህ ትሮጣለህ። እርግማን አይደለም! ሌባ መሆንህን እያወቀ የሚመርቅህ አለ፤ ይህን ነገር ሳስበው ቃል ያጥረኛል።

ምርቃቱ አልቋል። የቀረው ያንተ አሜን ነው።