ኤሊ የቆጠራቸው ወፎች

ተረት ላምጣ? «አምጣ» በሉኛ! ምን ያፈዛችኋል? ነገሩ የሆነው ዛፍም ቅልም አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን ነው።

ያኔ ክፉ ድርቅ ገባ። ምንጪቱ ከስታ ሽማግሌውን ኤሊን ጠራችው። «አያ ኤሊ፣ ሦስቱንም ጫካ ለማጠጣት አቅም የለኝም። ወፎቹን ቁጠርልኝ፤ ብዙ ወፍ ወዳለበት እፈሳለሁ» አለችው።

ኤሊ ሦስት ቅል በአንገቱ አንጠልጥሎ ወጣ። ለአንድ ወፍ አንድ ጠጠር።

ላይኛው ጫካ ደረሰ። ግሪሳ ብቻ! «ስንት ናችሁ?» አለ። «መዓት ነን!» አሉት። ቅሉ ጢም አለ።

መካከለኛው ጫካ ደረሰ። እርግብ ብቻ! «ስንት ናችሁ?» አለ። «ብዙ ነን!» አሉት። ቅሉ ተጋመሰ።

ታችኛው ጫካ ደረሰ፤ እሱ ራሱ የተወለደበት ነው። ጉጉት ሁለት፣ ዋኔ ሁለት፣ ቆቅ ሁለት፣ ቁራ ሁለት፣ ግንደ ቆርቁርና ሚስቱ። «ስንት ናችሁ?» አለ።

«ጥቂት ነን» አለ ግንደ ቆርቁር። «ግን አያ ኤሊ፣ እኔ ከግንድ ትል አወጣለሁ። ጉጉት አይጥ ይይዛል። ዋኔ ዘር ትበትናለች። አንዳችን ብንጎድል ሥራችንን የሚሠራ የለም። እባክህ ጠጠራችንን በየዓይነታችን ለይልን፤ ምንጪቱ ሥራችንን ትወቅ።»

«እውነቱን እኮ ነው!» አለ ሦስተኛው ቅል።

«ዝም በል አንተ! የተወለድኩበት ስለሆነ አዳላ ልባል ነው? ወፍ ወፍ ነው!» ብሎ ኤሊ ተቆጣ። አሥር ጠጠር ጣለ፤ የቅሉ ታች እንኳ አልተሸፈነም።

ምንጪቱ ቅሎቹን አይታ ወደ ግሪሳዎቹ ፈሰሰች። ግሪሳዎቹ ጠጡ፣ የሣሩን ዘር ጨረሱ፣ ብር ብለው ሄዱ። የላይኛውን ጫካ ዛፎች ትል ቦረቦራቸው።

«ኧረ ትል የሚያወጣው የት አለ? አያ ኤሊ፣ ሮጠህ ጥራልኝ!» ብላ ምንጪቱ ጮኸች።

የኤሊን ሩጫ ታውቁታላችሁ። አትሳቁ! ሲደርስ ታችኛው ጫካ ደርቋል። ግንደ ቆርቁር አንድ ዋንዛ ሥር ክንፉን ዘርግቶ ወድቋል።

«ሌሎቹ አለቁ፤ ሚስቴም ትናንት ሞተች» አለ። «አያ ኤሊ፣ እስቲ ቁጠረን። አሁን ስንት ነን?»

«አንድ» አለ ኤሊ እያለቀሰ።

ጠጠር አንስቶ ቀና ሲል፣ የሚቆጠር አልነበረም። ኤሊ ያን ቀን አንገቱን በሐፍረት ቀበረ፤ ሰው ባየ ቁጥር ዛሬም ይቀብራል።

እንግዲህ እኔ አፌን ልዝጋ፣ እናንተ ልብ በሉ። «ስንት ናችሁ?» ብላችሁ ከመቁጠራችሁ በፊት፣ «እነማን ናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።