ጫማው አልጠልቅ ያለ ጊዜ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። የማወራላችሁ ጥምጥም ነገር ነው፤ ጫፉ የጠፋበት ከመጀመሪያው ይነሳ።

እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ወድቀው የተሰበረው ዳሌያቸው በሰው ሠራሽ ዳሌ ከተቀየረ ወዲህ፣ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ውልቅ ይላል። ሐኪም ቤት ተኝተው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫማቸውን በገዛ እጃቸው ማጥለቅ። የሚያጠልቁላቸው ባላቸው ጋሽ ድልነሳ ናቸዋ! እሳቸው ደግሞ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ያደርጉታል።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲሁ ሆኜ ልቅር?» አሉ እትዬ ይርገዱ፤ እንባቸው መጣ። ጋሽ ድልነሳ አንዱን ጫማ ብብታቸው ውስጥ እንደያዙ ወደ ሐኪሟ ሄዱ።

«ዶክተር፣ ጫማው አልጠልቅ አለ፤ ዳሌው አልረጋ አለ፤ ምን ይሻላል?»

«አባባ፣ የእማማ ጡንቻ ደክሟል» አለች ዶክተር ምንትዋብ። «ለእሳቸው የሚሆነው ድርቡ ዳሌ ነው። ትንሿ ኳስ በትልቋ ውስጥ ትዞራለች፤ ትልቋም በጎድጓዳው ውስጥ ትዞራለች። እንደዚህኛው ቶሎ አይወልቅም። ግን ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፤ እሱ ሳይወጣ እኔ ቢላዬን አንስቼ አልቀድም።»

ኳስ በኳስ ውስጥ! ጋሽ ድልነሳ ምኑም አልገባቸው። ግምጃ ቤቱ ጋ ሲደርሱ በሩ ዝግ ነው። ዘበኛውን ያዙት።

«ልጄ፣ ጫማው አልጠልቅ አለ፤ ዳሌው አልረጋ አለ፤ ዶክተሯ አልቀድም አለች፤ ኳሷ አልወጣ አለች!»

«የምን ኳስ?» አለ ዘበኛው። «ቁልፉ ያለው ግምጃ ቤት ያዡ ጌጡ ጋ ነው። ጌጡ ደግሞ አማቱ ሞተውበት ለቅሶ ላይ ነው፤ እዚያ ከወፍጮው ጀርባ።»

ከወፍጮው ጀርባ? ያማ የራሳቸው የጋሽ ድልነሳ ሰፈር ነው! ግራ እየገባቸው ሲደርሱ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ሟቹ ጎረቤታቸው አቶ ከልካይ ናቸው። እንዴት ሳይነገራቸው? ጌጡን ጠይቀው አገኙት።

«እግዜር ያጥናህ፤ ጫማው አልጠልቅ አለ፤ ዳሌው አልረጋ አለ፤ ዶክተሯ አልቀድም አለች፤ ኳሷ አልወጣ አለች፤ አንተም አልመጣ አልክ!»

«አባባ፣ ድንኳን እንኳ ሳይቆም ሰውን ፀሐይ ላይ ትቼ ብሄድ ምን ይሉኛል? የእድሩን ዳኛ ይጠይቁልኝ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውገ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ዘውገ፣ ጫማው አልጠልቅ አለ፤ ዳሌው አልረጋ አለ፤ ዶክተሯ አልቀድም አለች፤ ኳሷ አልወጣ አለች፤ ጌጡ አልመጣ አለ፤ ድንኳኑ አልቆም አለ!»

«ድንኳኑ እድር ቤት ተቆልፎበታል። ቁልፉ ዕቃ ያዧ ጋ ነው፤ እሷ ታማ ተኝታለች። ቁልፉን ስጪን ብንላት ማን ሞተ ትላለች። ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል? አፍረን ቀረን።»

«እግዜር ይማራት» አሉ ጋሽ ድልነሳ ከልባቸው። «ማን ናት እሷ?»

አቶ ዘውገ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ምን ነካህ ድልነሳ? ሚስትህ ናት እንጂ!»

ጋሽ ድልነሳ እያለከለኩ ወደ ሐኪም ቤት ተመለሱ። አልጋው ሥር ቆመው «ይርገዱ፣ ጫማው… ኳሷ… ድንኳኑ…» ብለው ተንተባተቡ።

«የምን ድንኳን?» እትዬ ይርገዱ ቀና አሉ። «ማን ሞተ?»

«ከልካይ።»

ከልካይ! ዳሌያቸው የተሰበረ ዕለት አቅፈው ያነሷቸው እሳቸው ነበሩ። እትዬ ይርገዱ አለቀሱ። ሲበቃቸው ከመቀነታቸው ጫፍ ቁልፉን ፈቱ።

«ለእኔ ብላችሁ የከልካይን ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ? እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ! በል ሩጥ!»

ቁልፉ ሄደ፤ እድር ቤቱ ተከፈተ፤ ድንኳኑ ቆመ፤ ጌጡ መጣ፤ ኳሷ ወጣች፤ ዶክተሯ ቀደደች፤ ዳሌው ረጋ። ጫማውስ?

እትዬ ይርገዱ ድነው ከሐኪም ቤት የወጡ ዕለት ጫማቸውን አስመጡ። ዶክተሯ እንዳስተማረቻቸው ቀስ ብለው የግራውን ለግራ፣ የቀኙን ለቀኝ አጠለቁ። ማንም አልነካቸውም። ጋሽ ድልነሳ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

«በል ተነስ፤ ከልካይ ቤት ለቅሶ እንድረስ» አሉ እትዬ ይርገዱ። ከዚያ የባላቸውን እግር አይተው ቆም አሉ፤ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነው።

«ወንበሩ ላይ አውጣው እግርህን» አሉና፣ ጎንበስ ሳይሉ አንድ በአንድ አስተካክለው አጠለቁላቸው።