ልብ የሚያዳምጠው ሰዓትና አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ዋርካ ሥር ገበያ በሚውሉበት አገር፣ እጇ ሥራ የማይፈታ አንዲት ጦጣ ነበረች። እመት ጦጢት ይሏታል። የተሰበረ ዕቃ ካየች አታልፍም፤ ፈትታ፣ ገልብጣ፣ ውስጡን አይታ፣ መልሳ ትገጥመዋለች። ያልተሰበረ ካየችም ያው ነው። «ውስጡ ምን አለው?» ትላለች፤ ባለቤቱ ዞር ብሎ ሲመለስ ዕቃው ተበታትኖ ያገኘዋል።

ጦጣዋ አንዲት አህያ ወዳጅ ነበረቻት። አህያዋ ከወንዝ ማዶ ጨው እየጫነች፣ ዳገቱን እየወጣች ለገበያ የምታደርስ ናት። አንድ ቀን ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ከነጭነቷ ወደቀች። እመት ጦጢት ሮጣ ደርሳ ጭነቱን አራገፈችላት፤ ውሃም አጠጣቻት።

«ሲደክምሽ ለምን አላረፍሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ መድከሜን የማውቀው ከወደቅሁ በኋላ ነው» አለች አህያዋ። «ከዚያ በፊት ማን ይነግረኛል?»

ጦጣዋ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣችለት። መልስ ያጣችለትን ነገር ደግሞ መተው አትችልም። ስትፈታ፣ ስትገጥም፣ እንደገና ስትፈታ ከረመችና በመጨረሻ አንድ የእጅ ሰዓት ሠራች። ሰዓቱ እንደማንኛውም ሰዓት ጊዜ ይቆጥራል፤ ከሥሩ ግን የደም ሥርን ትርታ የሚያዳምጥ ነገር አለው። ልብ ከልኩ በላይ ሲመታ፣ የታሰረበትን እግር ነካ ነካ ያደርጋል። ያን ጊዜ ማረፍ ነው። ሌላ ሥራ የለውም።

አህያዋ በፊት እግሯ አስራው ዳገቱን ወጣች። ነካ ነካ ሲያደርጋት ቆመች፤ ሲተዋት ሄደች። ሳትወድቅም ገበያ ደረሰች። ይህን ያዩ ሁሉ «ለእኔም! ለእኔም!» አሉ። ሚዳቋዋ አሰረች፤ በቅሎዋ አሰረች፤ ያረጀው ከርከሮ እንኳ ሳይቀር አሰረ።

ወሬ እግር አለውና ከትልልቆቹ ዘንድ ደረሰ።

በዚያ አገር ዝሆን ድምፅን ከሩቅ ወደ ሩቅ እያደረሰ የከበረ ነጋዴ ነው። አንበሳ ደግሞ የዱሩን ወሬ ሁሉ ሰብስቦ የያዘ ጌታ ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ ሁለቱም ሰዓት የሚባል ነገር አስበው አያውቁም።

«አንዲት ጦጣ የሠራችውን እኔ እንዴት አልሠራም?» አለ ዝሆን። አንበሳም ይህንኑ አለ፤ እሱ ግን እያገሳ ነው ያለው።

መጀመሪያ ዝሆን ሰፌድ የሚያህል ሰዓት ይዞ ገበያ ወጣ። «የእኔ ሰዓት ልብ ብቻ አይደለም የሚያዳምጠው» አለ ኩንቢውን ዘርግቶ። «ዝናብ ይተነብያል፤ ይዘፍናል፤ የዘመድ መልእክት ያደርሳል!»

አህያዋ አዲስ ነገር ካየች ሳትሞክር አታድርም። ተቀበለችና አሰረችው። ሣር ልትግጥ ጎንበስ ስትል፣ «ከወንዝ ማዶ የአጎትሽ ልጅ አስነጠሰ» አላት። ቀና ብላ ሰማችና እንደገና ጎንበስ ስትል፣ «ፀሐይ ወጥታለች» አላት።

«አይቻታለሁ እኮ!» አለችው።

እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጭንቅላቷ ሞልቶ ሆዷ ባዶ ነበር። ክብደቱም እግሯን አሳብጦት ነበርና እያነከሰች ሄዳ ለባለቤቱ መለሰችው።

ቀጥሎ አንበሳ መጣ። የእሱ ሰዓት ቀጭን ነው፤ ከሩቅ ያብረቀርቃል። አህያዋ አሰረችው፤ ሰዓቱ ግን ዝም አለ።

«ጌታዬ፣ አይሠራም እኮ» አለች በትሕትና።

«የእኔን የአንገት ቀለበት ካላጠለቅሽ አይሠራም» አለ አንበሳ።

«የአንገት ቀለበቱስ እንዲያው ይሠራል?»

«የእኔን ጉትቻ ካላደረግሽ አይሠራም።»

«ጉትቻውስ?»

«እሱማ እኔ ግቢ ገብተሽ ካላደርሽ አይሠራም» አለ አንበሳ ከንፈሩን እየላሰ።

አህያዋ አመሰገነችና፣ ጀርባዋን ሳትሰጠው፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ከፊቱ ወጣች።

እንደ እሷ የጠየቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ በትልቅነቱና በብልጭልጩ እየተሳቡ ወደ ዝሆንና ወደ አንበሳ ጎረፉ። የእመት ጦጢት መደብ ጭር አለ። አልከፋትም ብንል እንዋሻለን፤ ከፍቷታል። ነገር ግን ከመከፋቷ ይልቅ የማወቅ ጉጉቷ ይብሳልና፣ ከዝሆን ሰዓት አንዱን ለምና ወስዳ የሚዘፍንበትን ክፍል ብቻ ስትፈታና ስትገጥም ዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አያ ጅቦ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ይቆጣ ነበር።

«ዝሆን ገባበት፤ አንበሳ ገባበት፤ እኔ ብቻ ልቅር? እኔም የሰዓት ነጋዴ መሆን አለብኝ!» ካለ በኋላ ወዳጁን እመት ቀበሮን ዞር ብሎ አያትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ሰዓት ምንድን ነው? ይበላል?» አላት።

«አይበላም፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። «ግን ያበላል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«የጦጣዋ ሰዓት አህያ ሲደክማት ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለአህያዋ ነዋ።»

«የእኛ ሰዓትስ ለአንተ ቢናገር? የደከመች አህያ የት እንዳለች ቢነግርህ? እሷንም ወዳለህበት ቢልክልህ?»

አያ ጅቦ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ፈጀ። አስቦ ሲጨርስ ለሃጩ ወረደ።

«በይ ቶሎ ሥሪው! በውድ ዋጋ እንሽጠው!»

«አንሸጠውም፤ በነፃ ነው የምናድለው።»

«በነፃ? ታዲያ እኔ ምን ልበላ ነው?»

«አያ ጅቦ፣ እስቲ እንደገና አስብ።»

እንደገና አሰበ። እንደገና ለሃጩ ወረደ።

በማግስቱ እመት ቀበሮ ከዋርካው ሥር ቆማ፣ «ኑ! ኑ! የአያ ጅቦ ስጦታ ነው!» እያለች ሰዓት ታድል ጀመር። የተቀበለ ሁሉ እየመረቀ ሄደ። አህያዋም ተራዋ ሲደርስ፣ «እመት ቀበሮ፣ አያ ጅቦ ምን አግኝቶበት ነው በነፃ የሚሰጠን?» አለቻት።

«ጤናችሁን ስለሚወድ ነዋ! እሱ እንደ እናንተ የሚያስብለት ማንም የለም» አለች ቀበሮ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

አህያዋ አንድ ጆሮዋን ብቻ አቆመች። ግማሽ አመነች ማለት ነው። ስለዚህ የጅቡን ሰዓት በግራ እግሯ፣ የጦጣዋን በቀኝ እግሯ አስራ ጨው ጭና ተነሣች። ከዳገቱ ወገብ ስትደርስ የቀኙ ነካ ነካ አደረጋት። ወዲያው የግራው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ደክሞሻል፤ ወደ ሸለቆው ዝቅ በዪ፤ ጥሩ ጥላ አለ» አላት።

አህያዋ መንገድ መሀል ቆማ ሁለቱን እግሮቿን ተራ በተራ አየች። «ሁለቱም የሚያዳምጡት አንድ ልብ ነው» አለች ለራሷ። «አንዱ ቁሚ ይለኛል፤ አንዱ ሂጂ ይለኛል። ለምን ይሆን?» ይህን እያሰላሰለች እዚያው እንደቆመች ድካሟ ወጣላትና ገበያ ደረሰች።

ጎረቤቷ በቅሎ ግን በዚያው ቀን ጭኗ ተቦጭቆ፣ ደም እየተንጠባጠበ ተመለሰች።

«ምን ሆንሽ?» አሉና ከበቧት።

«ሲደክመኝ ሰዓቱ ወደ ሸለቆው ላከኝ» አለች በቅሎዋ። «ጥላው ሥር አያ ጅቦ ተጋድሟል። ‹ሰዓትህ ነው የመራኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብዬ ሳልጨርስ ጭኔን ያዘኝ። ያመለጥሁት በእርግጫ ነው።»

«ጅብ እኮ ድሮም ጅብ ነው፤ ሰዓቱ ምን አደረገ?» አለ ከርከሮው። ሌሎችም እንዲሁ አሉ። በነፃ ያገኙትን መጣል ከበዳቸው።

አህያዋ ግን የጅቡን ሰዓት ይዛ ወደ እመት ጦጢት ሄደች። ጦጣዋ ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ውስጡን ስታይ ቆየች።

«ልብ የሚያዳምጠው ይኸው። ከእኔ የተቀዳ ነው» አለች። «ይኼኛው ግን ምንድን ነው? የሰማውን ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ይመስላል።»

«ወደ ማን?»

«እኔም ማወቅ የፈለግሁት እሱን ነው» አለች ጦጣዋ፣ ዓይኗ በርቶ። «መገመት ምን ያደርግልናል? እንሞክረው!»

ከሸለቆው አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ በቅሎዋ፣ ከርከሮውና አህያዋ ከሾላው አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ጀርባ ተሸሸጉ። ትልቅ ሲመሰክር ይታመናልና ዝሆንንም ጠርተውት ነበር። ዝሆንም ተደበቀ፤ ማለትም ኩንቢው ተደበቀ፤ የቀረው ሰውነቱ ከቁጥቋጦው በላይ እንደ ኮረብታ ይታያል።

እመት ጦጢት የጅቡን ሰዓት በእጇ አስራ ሾላው ላይ ወጣች። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች፣ እየወረደች፣ እየወጣች፣ ልቧ እንደ ከበሮ እስኪመታ ድረስ ተጫወተች።

«ደክሞሻል፤ ወደ ሸለቆው ዝቅ በዪ» አላት ሰዓቱ።

እሷ ግን አልወረደችም። ብዙም ሳይቆይ አያ ጅቦ ከሸለቆው ወጣ። በእግሩ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ እያየ ስለሚሄድ፣ ኮረብታ የሚያህለውን ዝሆን በአጠገቡ አልፎ እንኳ አላየውም።

«እመት አህዪት! ደከመሽ አይደል? አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!» አለ።

«አያ ጅቦ፣ እዚህ አህያ የለችም» አለች ጦጣዋ ከላይ።

«አለች። ሰዓቴ ከሾላው ነች ይላል።» ዛፉን ዞረው። ከዚያ ቀና አለ። «ከላይ ነች ይላል።»

«አህያ ዛፍ ላይ ምን ልትሠራ ትወጣለች?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት። እኔን የሚያገባኝ ስትወርድ ነው።»

«የደከመ ሁሉ የት እንዳለ ለአንተ ይነገራል ማለት ነው?»

«ታዲያስ! በነፃ ያደልሁት ለጽድቅ መስሎሻል?» አለና አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ።

ከቁጥቋጦው ጀርባ ከርከሮው ቀስ ብሎ ሰዓቱን ከእግሩ ፈታ። የዝሆን ጆሮዎች መወዛወዛቸውን አቆሙ።

እመት ጦጢት ግን ገና አልጠገበችም። «ብፈታውስ ምን ይላል?» አለች በልቧ። ሰዓቱን ፈትታ ቅርንጫፍ ላይ አሰረችው። ሰዓቱ የእንጨቱን ልብ ቢያዳምጥ ምንም አልሰማም።

«ልቧ ቆመ!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ፣ በሰዓቱ ላይ አፍጥጦ። «ሞታለች! አሁን ትወድቃለች!» ከሾላው ሥር በጀርባው ተንጋለለ፤ አፉንም በሰፊው ከፍቶ ጠበቀ።

ነፋስ ነፈሰና አንድ የበሰለ የሾላ ፍሬ አፉ ውስጥ ጠብ አለ።

«ጆሮዋ ነው» አለና ዋጠው።

በዚህ መካከል ቀበሮ ጓደኛዋን ፍለጋ መጣች። «አያ ጅቦ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ዝም በዪ! አህያ እየወረደችልኝ ነው። ጆሮዋን በልቻለሁ።»

እመት ቀበሮ ቀና ብላ ቅርንጫፉ ላይ የታሰረውን ሰዓት አየች። ዞር ብላ ከቁጥቋጦው በላይ የቆመውን የዝሆን ጀርባ አየች። ነገሩ ገባት። «እኔ እንኳ መንገደኛ ነኝ» አለችና ጅራቷን ወትፋ በመጣችበት ተመለሰች። አያ ጅቦ ግን የቀረው የአህያዋ አካል እስኪወርድለት ድረስ አፉን እንደከፈተ እዚያው ቀረ።

በገበያው ቀን የጅቡ ሰዓቶች ሁሉ ተፈትተው ገደል ተጣሉ። አህያዋ ይህ ብቻ አልበቃትም። ወደ ዝሆን ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎስ ሰዓት የሚሰማውን ለማን ነው የሚናገረው?» አለችው።

ዝሆን ሰዓቱን በኩንቢው አገላብጦ አየው። «እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «አሠራሁት እንጂ እሱን ጠይቄ አላውቅም።» ሰዓቱንም ለእመት ጦጢት ሰጣት። ስትከፍተው ከዘፈኑና ከዝናቡ ሥር፣ የሰማውን ሁሉ ወደ ዝሆን ቤት የሚያደርስ ነገር ተገኘ። ዝሆን በገበያተኛው ፊት አፈረ፤ «አውጪው» አለ፤ ወጣ።

አንበሳ ግን ሲጠየቅ አገሳ፤ ጥያቄውም በዚያው ተቋረጠ። አንበሳን ማን ያስገድደዋል? ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የእሱን ሰዓት ያሰሩ ሁሉ፣ በግቢው በኩል ማለፍ ሲኖርባቸው፣ ሰዓቱን ድንጋይ ሥር ደብቀው ማለፍ ለመዱ።

እመት ጦጢት እንደ ዝሆን አልከበረችም። መደቧ ግን ዳግመኛ ጭር አላለም፤ የእሷን ሰዓት የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን እንዲያይ ታደርገዋለችና። አንዳንዱ አይቶ ምንም አይገባውም። እሷም ቁጭ አድርጋ እስኪገባው ታስረዳዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የልባችንን ትርታ ለሚያዳምጥ ነገር እጃችንን ከመስጠታችን በፊት፣ የሰማውን ለማን እንደሚናገር መጠየቅ እንዳለብን ነው።